የተርቧ ጥበብ እና የፈጣሪ ቸርነት

በአባጨጓሬ ሰውነት ውስጥ የገባ ባዕድ ነገር ሳይታወቅ አይቀመጥም። በነፍሳት ደም ውስጥ የሚንሳፈፉ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ፤ አንዳንዶቹ ባዕዱን ቀድመው አግኝተው ይለጠፉበታል፣ ሌሎቹ በእነሱ ላይ እየተነባበሩ ዙሪያውን ይከድኑታል። በሰዓታት ውስጥ ድርብርብ ሽፋን ይሠራል። ከዚያም በደሙ ፈሳሽ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይነቃና ሽፋኑን ሜላኒን በተባለ ጥቁር ቀለም ያጠነክረዋል። በውስጡ የተዘጋው የጥገኛ እንቁላል ከሆነ አየርና ምግብ ተነፍጎ፣ ቀለሙ ሲሠራ በሚፈጠሩት መርዛማ ውሁዶችም ተጎድቶ ይሞታል። ነፍሳት እንደ ሰው ፀረ እንግዳ አካል አያመርቱም። ያላቸው መከላከያ ይህን የመሰለ ነው፤ ለብዙው ጠላታቸውም ይበቃል።

የማይበቃው ለጥገኛ ተርቦች ነው። ኢክኒዩሞኒድ እና ብራኮኒድ የሚባሉት ሁለቱ ወገኖች ብቻ ስም የወጣላቸው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች አሏቸው። ሴቷ ተርብ በቀጭን መውጊያዋ የአባጨጓሬውን ቆዳ በስታ እንቁላሏን በውስጡ ትጥላለች። እጩ ተፈልፍሎ ደሙን ወይም ሥጋውን እየተመገበ ያድጋል፤ ሲጨርስ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። የትምባሆ ቅጠል የሚበላው ትልቅ አረንጓዴ ትል በኮቴዢያ ኮንግሬጋታ ሲጠቃ ከመቶ በላይ እጮች ከግራና ከቀኝ ጎኑ ብቅ ብለው ነጫጭ የሐር ከረጢታቸውን በጀርባው ላይ ይፈትላሉ። ትሉ ከዚያ በኋላም ለቀናት በሕይወት ይቆያል፤ መብላት ግን አቁሟል።

ተርቧ ያለባት ችግር እንግዲህ ሁለት ገጽ አለው። እጩ እስኪያድግ ድረስ አስጠጊው፣ ማለትም የሚኖርበት እንስሳ፣ መሞት የለበትም፤ መከላከያው ግን መሥራት የለበትም። ለዚህ የተገኙት መፍትሔዎች ብዙ ናቸው። ቀላሉ መደበቅ ነው። በዱቄት ብል እጭ ላይ የምትጥለው ቬንቱሪያ ካኔሴንስ እንቁላሏን ቫይረስ በሚመስሉ፣ ዘረመል ግን በማይዙ ጥቃቅን ቅንጣቶች ትለብጠዋለች፤ የብሉ ሕዋሳት እንቁላሉን እንደ ባዕድ አይቆጥሩትም። ሌሎች ተርቦች ወደ መርዝ ይሄዳሉ። በፍራፍሬ ዝንብ እጭ ውስጥ የምትጥለው ሌፕቶፒሊና ሄቴሮቶማ በመርዝ እጢዋ የምታዘጋጃቸው ቅንጣቶች ሽፋን የሚሠሩትን ሕዋሳት ራሳቸውን ያጠፏቸዋል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቫይረሱ ነገር ነው። በብዙ ብራኮኒዶችና ኢክኒዩሞኒዶች የእንቁላል ማኅደር ውስጥ ፖሊድናቫይረስ የሚባሉ ቅንጣቶች ይመረታሉ፤ ከእንቁላሉ ጋር አብረው ወደ አባጨጓሬው ይገባሉ። እ.ኤ.አ. በ1981 የአሜሪካና የካናዳ ተመራማሪዎች የአባጨጓሬውን መከላከያ የሚያሰናክሉት እነዚህ ቅንጣቶች መሆናቸውን አሳዩ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቫይረሱ በአባጨጓሬው ውስጥ አይባዛም። የያዘው ዘረመል ግን ወደ ትሉ ሕዋሳት ገብቶ በትሉ ኃይል ፕሮቲን ያስመርታል። ማይክሮፕሊቲስ ዴሞሊቶር በምትባለው ተርብ ላይ በተደረጉ ጥናቶች አንዱ ፕሮቲን የደም ሕዋሳቱን መጣበቅ ሲከለክል፣ ሌላው ጥቁሩን ቀለም የሚያስነሣውን የኢንዛይም ሰንሰለት ሲቆርጥ ታይቷል። ቫይረሱን ለመሥራት የሚያስፈልገው መመሪያ ሁሉ የተቀመጠው በተርቧ በራሷ ዘረመል ውስጥ ነው፤ ከእናት ወደ ልጅ እንደ ዓይን ቀለም ይወረሳል። በ2009 የታተመ ጥናት የብራኮኒዶቹ ቫይረስ የመነጨው ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በአንዲት ቀዳሚ ተርብ ዘረመል ውስጥ ከገባ እውነተኛ የነፍሳት ቫይረስ መሆኑን አስረድቷል። በሽታ የነበረው የተርቧ አካል ሆነ ማለት ነው። ይህ እንኳ አንድ ጊዜ ብቻ አልሆነም፤ የኢክኒዩሞኒዶቹ ቫይረስ ከሌላ ምንጭ፣ በሌላ ዘመን የመጣ ነው።

ተርቦቹ ብቻ አይደሉም። ታኪኒድ የሚባሉት ዝንቦች እጭ መከላከያውን ከመስበር ይልቅ ይጠቀምበታል፤ የአስጠጊው ሕዋሳት ሊከድኑት ሲከቡት እሱ ሽፋኑን ወደ ውጭ አየር የሚያደርስ መተንፈሻ ቱቦ ያደርገዋል። በፓፑዋ ኒው ጊኒ ፌንጣዎችን የምትጠጋው ስቲኮትሬማ ደግሞ ስትገባ ከፌንጣው ከራሱ የቆዳ ሕዋሳት የተሠራ ከረጢት ለብሳ ትቀመጣለች። ጥገኝነቱ በነፍሳት ላይ የሚያበቃም አይደለም። በከብት ገላ ውስጥ የሚጓዘው የሃይፖደርማ ዝንብ እጭ የላሟን የደም መከላከያ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም ያመነጫል፤ በበግ አፍንጫ ውስጥ የሚያድገው የኤስትረስ ዝንብ እጭም ተመሳሳይ መሣሪያ አለው። ይህኛው በኢትዮጵያ ደጋ በጎች ላይም የታወቀ ነው።

አስጠጊዎቹ ደግሞ ዝም ብለው አይበሉም። የአተር ክሽክሽ በሰውነቱ ውስጥ ሐሚልቶኔላ የሚባል ባክቴሪያ ካለው የተርቧ እጭ ሳያድግ ይሞታል፤ መርዙን የሚሰጠው ደግሞ ባክቴሪያውን የሚያጠቃ ቫይረስ ነው። በአንዱ ጦርነት ቫይረስ ለተርብ ይዋጋል፣ በሌላው በተርብ ላይ። የበቆሎና የማሽላ አገዳ ቆርቁርን የምታጠቃው ኮቴዢያ ሴሳሚዬ ይህን ትግል በአንድ አገር ውስጥ ታሳያለች። የኬንያ ጠረፍ ተርቦች ቡሴኦላ ፉስካ በተባለው የደጋ ቆርቁር ውስጥ የጣሉት እንቁላል በሽፋን ታፍኖ ይቀራል፤ በዚያው አገር በምዕራቡ ደጋ በኪታሌ አካባቢ የሚኖሩት የዚያው ዝርያ ተርቦች ግን በዚሁ ትል ውስጥ ይፈለፈላሉ። ልዩነቱ ቫይረሱ ከሚይዛቸው ዘረመሎች በአንዱ ላይ ካለ ለውጥ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ የሥነ ሕይወት ጉዳይ ሆኖ መቅረት ይችል ነበር። ያልቀረው በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን በእንግሊዝ የተስፋፋው የተፈጥሮ ሥነ መለኮት ፍጥረትን የፈጣሪ ባሕርይ መረጃ አድርጎ ስላቀረበ ነው። ዊልያም ፔይሊ በ1802 ባሳተመው መጽሐፉ ዓይንና ጅማት፣ ክንፍና አጥንት ለዓላማቸው እንዴት እንደተስማሙ ዘርዝሮ ጥበበኛና ቸር ሠሪ እንዳላቸው ይደመድማል። ቄስና የነፍሳት ሊቅ የነበረው ዊልያም ኪርቢ ደግሞ ከዊልያም ስፔንስ ጋር ከ1815 ጀምሮ ባሳተመው የነፍሳት ጥናት የኢክኒዩሞን እጭ የአባጨጓሬውን ዋና ዋና የሕይወት ክፍሎች እስከ መጨረሻው ሳይነካ መቆየቱን አድንቆ ጽፏል። ለኪርቢ ይህ ጥንቃቄ የጥበብ ምልክት ነበር። ዊልያም ባክላንድ በ1836 ሥጋ በል አራዊት ደካማውንና ያረጀውን ፈጥነው በመግደላቸው የእንስሳትን አጠቃላይ ሥቃይ ይቀንሳሉ ሲል ተከራከረ። ክርክሩ ለአንበሳ ይሠራ ይሆናል። ፈጥኖ አለመግደልን ሥራዬ ብላ ለያዘች ተርብ ግን አይሠራም።

ቻርልስ ዳርዊን ፔይሊን በኬምብሪጅ ተማሪ ሳለ በአድናቆት ያነበበ ሰው ነው። ሜይ 22 ቀን 1860 ለአሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅና አማኝ ወዳጁ ለኤሳ ግሬይ በጻፈው ደብዳቤ ቸርና ሁሉን ቻይ አምላክ እነዚህን ተርቦች በሕያው አባጨጓሬ ውስጥ እንዲመገቡ ብሎ አስቦ ፈጥሯቸዋል የሚለውን ራሱን ማሳመን እንዳልቻለ ይገልጻል። ዓለም በጭፍን ኃይል ብቻ መጣች ማለትም አልሆነለትም። ያዘነበለው ሁሉም ነገር ከተደነገጉ ሕጎች እንደሚመጣ፣ ዝርዝሩ ግን ለአጋጣሚ እንደተተወ ወደሚለው ነበር፤ በዚህም ቢሆን ልቡ አላረፈም። ደብዳቤው ብዙ ጊዜ የክህደት መግለጫ ተደርጎ ይጠቀሳል። ሙሉውን ላነበበ ሰው ግን ግራ የተጋባ ሰው ደብዳቤ ነው።

ዳርዊን የጻፈው የቫይረሱ ነገር ሳይታወቅ ነው። ከዚያ ወዲህ የታወቀው ነገር ጥያቄውን ያከበደ ብቻ ሳይሆን ቅርጹን የለወጠ ይመስላል። በእሱ ዘመን ተርቧ አጥቂ፣ አባጨጓሬው ምስኪን ነበር። አሁን በሁለቱም ወገን የተራቀቀ ሥራ ይታያል። የአባጨጓሬው ሕዋሳት ባዕዱን ከራስ ለይተው በሥርዓት መሰለፋቸው የአሳቢ ፈጣሪ ምልክት ከሆነ፣ እነዚያኑ ሕዋሳት መርጦ የሚያሰናክለው ፕሮቲንም በዚያው መለኪያ ምልክት መሆን አለበት። ሁለተኛውን ትቶ አንደኛውን ብቻ መቁጠር አይቻልም። ሁለቱን ከቆጠሩ ደግሞ የሚገኘው አንዱ እጅ የሠራውን መዝጊያ ሌላው እጅ መክፈቻ እየቀረጸ ሲሠራለት ነው። ከሥራ መስማማት ተነሥቶ ወደ ሠሪው ጥበብ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ወደ ቸርነቱ ለመድረስ ግን ጥበቡ ለማን ጥቅም እንደዋለ መጠየቅ ግድ ነው፣ ለዚህም ፍጥረት ራሱ እርስ በርሱ የሚቃረን መልስ ይሰጣል። ይህ አምላክ የለም ማለት አይደለም። የፈረሰው ከፍጥረት አሠራር ብቻ ተነሥቶ የፈጣሪን ቸርነት የሚያረጋግጠው አንድ የክርክር መንገድ ነው።

ሃይማኖቶቹ ግን በዚያ መንገድ ላይ ብቻ አልቆሙም። ዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ለምድር አራዊት ሁሉ ለምግብ የተሰጣቸው ለምለም ሣር እንደሆነ ይናገራል፤ ኢሳይያስ ተኩላና በግ አብረው የሚያድሩበትን ዘመን ያያል፤ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ፍጥረት ሁሉ በምጥ ውስጥ እንዳለ ይጽፋል። ከዚህ ብዙ አባቶች መባላላት የመጣው ከሰው በደል በኋላ ነው የሚል ትምህርት አውጥተዋል። በዘመን ቅደም ተከተል ሲታይ ግን ይህ አይቆምም። በፈረንሳይ ኬርሲ የተገኙ፣ ከ34 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆናቸው ድንጋይ የሆኑ የዝንብ ቅርፊቶች በኤክስሬይ ሲመረመሩ በውስጣቸው ጥገኛ ተርቦች ተገኝተዋል፤ ሰው ያኔ አልነበረም። ቶማስ አኲናስ ይህን ሳያውቅ በ13ኛው መቶ ዘመን አንበሳና ጭልፊት ከአዳም በደል በፊት ሣር ይበሉ ነበር የሚለውን ሐሳብ አልተቀበለም፤ የሰው ኃጢአት የእንስሳትን ባሕርይ አልለወጠም ብሏል። ሲ. ኤስ. ሉዊስ በ1940 በጻፈው መጽሐፍ ጥፋቱን ከሰው በፊት ወደ ወደቀው መልአክ ማዞርን እንደ ግምት አቅርቧል። ግምቱ ጊዜውን ያስታርቃል። ነገር ግን ቫይረሱን የቀረጸው ሰይጣን ነው ካልን ዓይንን የቀረጸው ማን እንደሆነ በምን ይለያል? ሁለቱም የተሠሩት በአንድ ዓይነት አሠራር ነው።

ሁለተኛው መንገድ አጠቃላይ ሕግን ከእያንዳንዱ ክስተት መለየት ነው። በ12ኛው መቶ ዘመን አይሁዳዊው ሊቅ ማይሞኒደስ የአምላክ ጥበቃ በሰው ዘንድ ለእያንዳንዱ፣ በእንስሳት ዘንድ ግን ለዝርያው ብቻ ነው ብሎ አስተማረ። የመረጠው ምሳሌ ለዚህ ጉዳይ የቀረበ ነው፤ ይህች ሸረሪት ይህን ዝንብ የያዘችው አምላክ ለዚያች ቅጽበት ስለወሰነ ነው ብሎ እንደማያምን ይጽፋል። ፈረንሳዊው ካህን ማልብራንሽ በ1680 ደግሞ አምላክ በቀላልና በጠቅላላ ሕጎች መሥራቱ ለክብሩ የተገባ ስለሆነ ከሕጎቹ የሚወጡትን እንከኖች እያንዳንዳቸውን ፈልጎ አላደረጋቸውም አለ። ዳርዊን የደረሰበት ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሐሳቡ ለጎርፍና ለድንጋይ ናዳ በሚገባ ያገለግላል፤ ናዳ የሕግ ጠርዝ ላይ የወደቀ ነገር ነው። ተርቧ ግን የሕጉ ጠርዝ ላይ አይደለችም። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎች የሚኖሩበት የኑሮ ዘዴ እንከን ሊባል አይችልም፤ የሕጉ መደበኛ ፍሬ ነው። ማይሞኒደስም ዝርያውን በጥበቃ ሥር ካደረገ ለተርቧ ዝርያ የተሰጠው ጥበቃ ከትሉ ላይ የተወሰደ መሆኑን መቀበል ይኖርበታል።

ሦስተኛው ሙሉውን ሥርዓት መመልከት ነው። አውግስጢኖስ የፍጥረታት መተካካት ለጠቅላላው ውበት እንደሚያገለግል አስተምሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፈው የአል ገዛሊ፣ ካለው ዓለም የበለጠ ድንቅ ሊኖር አይችልም የሚለው አነጋገር በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ለዘመናት አከራክሯል። ለዚህ ወገን ተርቧ ጥሩ ምስክር ናት። ጥገኛ ተርቦች ባይኖሩ ቅጠል በል ትሎች ብዙ ተክል ያጠፉ ነበር። ደካማ ጎኑ የሚታየው ከጠቅላላው ወርዶ ወደ አንዱ ትል ሲመጣ ነው፤ የሙሉው ውበት ለእሱ የሚደርሰው ነገር የለም።

የሚደርሰውስ ሕመም አለ? ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ለማቃለል የሚቀርበው መልስ ነፍሳት አይሰማቸውም የሚል ነው። ለዚህ መረጃ አለ፤ በውስጣቸው ጥገኛ እየተመገበባቸው ያሉ ነፍሳት ምንም እንዳልሆኑ ቅጠል ሲበሉ ይታያሉ። የተቃራኒ መረጃም አለ፤ የትምባሆው ትል አንድ ጊዜ በኃይል ከተቆነጠጠ በኋላ ለቀላል ንክኪ እንኳ ጭንቅላቱን ወርውሮ መምታት ይጀምራል። ነገሩ ሳይቋጭ ቢቀር እንኳ ማምለጫው ጠባብ ነው፤ የከብቱና የበጉ ዝንቦች አሉና። በግ ሕመም አይሰማውም የሚል እረኛ የለም።

ለዚህ ለግለሰቡ ሥቃይ ቀጥተኛ መልስ የሰጡት ሙዕተዚላዎች ናቸው። እነዚህ የእስልምና የጥንት የክርክር ሊቃውንት አምላክ ፍትሐዊ ከሆነ ያለ ጥፋቱ የተሠቃየ እንስሳ ካሳ ሊያገኝ ይገባል አሉ። ተቃዋሚዎቻቸው አሽዐሪዎች ፈጣሪን ግዴታ የሚጥልበት የለም ብለው መለሱ፤ ማይሞኒደስም ትምህርቱን ነቅፏል። በእንግሊዝ ጆን ዌስሊ በ1781 በጻፈው ስብከቱ እንስሳት በሚመጣው ዓለም እንደሚታደሱ ተስፋ ሰጥቷል። የካሳ ትምህርት ለብዙ ዘመናዊ አንባቢ እንግዳ ይመስላል፤ ሆኖም ከቀረቡት መልሶች ሁሉ የሚሠቃየውን እንስሳ ራሱን የቆጠረው እሱ ብቻ ነው። የሚጎድለው ካሳ ለምን እንዳስፈለገ፣ ጉዳቱ ራሱ ለምን እንደተፈቀደ የሚነግር ነገር ነው።

ጉዳዩ ስለ ፈጣሪ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው ሥነ ምግባርም ይሆናል፤ ብዙዎች የመልካምና የክፉን ሕግ ከፍጥረት ሥርዓት ያነባሉና። በኢትዮጵያ ለዚህ የታወቀው ጽሑፍ የዘርዓ ያዕቆብ ሐተታ ነው። የጸሐፊው ማንነት ያከራክራል፤ አንዳንዶች የ17ኛው መቶ ዘመን ኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ሲሉ ሌሎች በ19ኛው መቶ ዘመን ለኢጣሊያዊው ሚስዮናዊ ለጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ይሰጡታል። የማንም ይሁን፣ ክርክሩ ግልጽ ነው። ወንድና ሴት በቁጥር ተካክለው ስለሚወለዱ አንድ ወንድ ብዙ ሴት ማግባቱ የፈጣሪን ሥርዓት ያፈርሳል፤ ፈጣሪ ለመዋለድ የሠራውን ሰው ምንኵስና ይቃረነዋል። ዘዴው ፍጥረት የታሰበበት ነው፣ የታሰበበትም መልካም ነው የሚል ነው። ተርቧ በዚህ ዘዴ ስትነበብ ምን እንደምታዝ መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ከፍጥረት ሕግ የሚያወጣ ሰው የትኛውን ክፍል እንደሚያነብና የትኛውን እንደሚዘል የሚነግረው ሌላ መለኪያ አስቀድሞ ይዟል፤ ሐተታው ልቡና የሚለው ያ መለኪያ ከፍጥረት ሳይሆን ወደ ፍጥረት የሚመጣ ነው።

በመጨረሻም ዳርዊን ለአምላክ ሊሰጠው ያልቻለውን ዓላማ ዛሬ በግልጽ የያዘ አካል አለ፤ ሰው ነው። የካሳቫን ተክል የሚመጥ ነጭ ዱቄት የለበሰ የሚመስል ተባይ በ1970ዎቹ አፍሪካን ሲያዳርስ ከፓራጓይ የመጣች ጥገኛ ተርብ ከ1981 ጀምሮ ተለቀቀችበት፤ ሥራውን የመራው ሃንስ ሄረን በ1995 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀበለ። ናይሮቢ የሚገኘው የነፍሳት ምርምር ማዕከል ኢሲፔ በ1993 ኮቴዢያ ፍላቪፔስን በአገዳ ቆርቁር ላይ በኬንያ ለቀቀ፤ ተርቧ ባልተለቀቀችበት በኢትዮጵያም በኋላ ተገኝታለች። በ2017 ኢትዮጵያ በገባው የአሜሪካ ተምች ላይም ኮቴዢያ ኢሲፔ የምትባለው የአካባቢው ተርብ በስፋት ስትፈለፈል ታይታለች። ለዚህ ሥራ ተርብ ሲመረጥ ከሚጠየቁት አንዱ በተባዩ ሰውነት ውስጥ እንቁላሏ ታፍኖ ይቀር እንደሆነ ነው፤ መከላከያውን የምትረታዋ ትፈለጋለች። ገበሬም ሆነ ሊቅ ይህን ጭካኔ ብሎ አይወቅሰውም። ምክንያቱም ሰው ሰብሉን ለማዳን ካሉት ጥቂት መንገዶች ይህ ከመርዝ ርጭት የተሻለው ነው። ለታላቅ ጥቅም ሲባል ጉዳትን መፍቀድ ተገቢ ነው የሚለው ክርክር እዚህ የሚቆመው አድራጊው አቅሙ የተወሰነ፣ ምርጫውም ጥቂት በመሆኑ ነው። ክርክሩን ሁሉን ወደሚችል አምላክ የሚያሸጋግር ሰው ያጣው ይህንኑ መሠረት ነው፤ እንዲሸጋገርለት ከፈለገ አምላክም ሌላ መንገድ እንዳልነበረው፣ ወይም ሰው የማያየው ምክንያት እንዳለው ማሳየት አለበት። የመጀመሪያውን የሚመርጡ የሥነ መለኮት ጸሐፊዎች ሁሉን ቻይነት የሚለውን ቃል ትርጉም ያጠባሉ፤ ሁለተኛውን የሚመርጡ ደግሞ ከፍጥረት ተነሥቶ ስለ ፈጣሪ ልብ መናገርን ይተዋሉ።